ጥፋቱ የልጅቷ እጅ ነው ወይስ የማውሱ?

ባለፈው ዓመት የካቲት ወር ውስጥ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወርውራ ቀጥታ ወደ መኝታ ክፍል ገባች። ምሳ ቀርቦላት አልነካችውም። እንደዚህ ስትሆን ወዲያው መጠየቅ እንደማያዋጣ ስለማውቅ ቡና አፍልቼ ሽታው እስኪጠራት ጠበቅሁ። በሁለተኛው ስኒ ላይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «እማማ፣ ጥያቄዎቹን አውቃቸዋለሁ። እጄ ነው ያልታዘዘልኝ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንባቢያን እንደምታውቁት በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወረቀቱ ጎን ለጎን በኮምፒዩተርም መሰጠት ጀምሯል። ትምህርት ቤቷም ተማሪዎቹን ለማለማመድ ብሎ በኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ የሙከራ ፈተና ሰጥቶ ነበር። በወረቀት ሲሆን ከክፍሏ ቀደም ካሉት የምትመደበው ልጅ ሰዓቱ አልቆባት ብዙ ጥያቄ ሳትሠራ ወጣች። መልሱን ልትመርጥ ስትል ቀስቷ ታልፋታለች፤ ልትመልሳት ስትል ወዲያ ትሸሻለች።

እኔ መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። የዛሬ ልጆች ስልክ ይዘው የሚወለዱ ይመስለናል። የእኔን ስልክ የምታስተካክልልኝም እሷው ናት። ነገር ግን ቆይቼ ሳስበው ስልክና ማውስ አንድ አይደሉም። ስልክ ላይ የምታየውን ነገር ራሱን በጣትህ ትነካዋለህ። ማውስ ላይ ግን እጅ ጠረጴዛ ላይ ይሄዳል፣ ዓይን ስክሪኑ ላይ ይቀራል። ሁለቱን ማገናኘት እንደ መርፌና ክር ልምምድ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

እኔም ስጀምር ከእሷ አልሻልም ነበር። ጡረታ ከመውጣቴ ጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት በነበረው ጤና ጣቢያ የታካሚ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር፣ የመጀመሪያ ቀን ማውሱን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ወደ ስክሪኑ አነጣጠርኩት። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ በልቤ ግን አፍሬ ነበር። ስለዚህ የልጅቷ እፍረት ገባኝ።

ርካሹን ገዛሁ

በማግስቱ መገናኛ ሄድኩና ከአንዱ ሕንፃ ሥር ካለ ሱቅ ያለውን ርካሽ ማውስ ገዛሁ። «ለመለማመጃ ምን አነሰው» ብዬ ነው። ልጄ የተወልኝ አሮጌ ላፕቶፕ ነበረ፤ መምህሯ የመለማመጃ ጥያቄዎችን በፍላሽ ሰጧት። እኔም ጉዳዩ የተፈታ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ልጅቷ በየምሽቱ ሳሎን ካለው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አጎንብሳ ትለማመዳለች። መሻሻል ግን የለም። እንዲያውም ባሰባት። አንዴ ተጭና ሁለት ጥያቄ ያልፍባታል። የመረጠችው መልስ ሌላ ሆኖ ታገኘዋለች። አንድ ምሽት ማውሱን ገፋ አድርጋው፣ «ግራኝ ስለሆንኩ ነው። ለኔ አይነት ሰው አልተሠራም» አለች።

ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። በእኛ ጊዜ ግራኝ ልጅ በግራው ሲጽፍ እጁን በማስመሪያ ይመታ ነበር። ታናሽ ወንድሜ በዚህ የተነሳ ትምህርት እስከ መጥላት ደርሶ ነበር። የልጅ ልጄን እጅ ግን ማንም አልነካባትም፤ አሁን ራሷ በራሷ እጅ ላይ ፈረደች።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ። ገና ከነርሲንግ ትምህርት ቤት ወጥቼ ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንዲት ወፍራም እናት ለምርመራ መጡ። የደም ግፊታቸውን ስለካ በጣም ከፍ ብሎ አገኘሁት። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ሴትዮዋ ፈርተው ማላብ ጀመሩ። አለቃዬ የነበሩት ሲስተር መጥተው አዩና ክንዳቸው ላይ የጠቀለልኩትን ጨርቅ ፈትተው በሰፊ ቀየሩት። ቁጥሩ ወረደ። ለክንዱ የጠበበ ጨርቅ ግፊቱን ከእውነተኛው በላይ አድርጎ ያሳያል። ሲስተር ወደ ጎን ወስደው፣ ከታካሚው በፊት መሣሪያውን መመርመር እንዳለብኝ ነገሩኝ። አርባ ዓመት ያህል ያንን ምክር ይዤ ሠራሁ። የልጅ ልጄ ጋ ሲደርስ ግን ረሳሁት።

ማውሱን እንደ ታካሚ መረመርኩት

ጠዋት ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ላፕቶፑን ከፍቼ ተቀመጥኩ። አንድ ፎልደር ላይ አንዴ ብቻ መጫን ፎልደሩን ይመርጠዋል እንጂ አይከፍተውም፤ የሚከፈተው ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ሲጫኑት ነው። እኔ ሃያ ጊዜ፣ በየመሃሉ ቆም እያልኩ፣ አንድ አንዴ ብቻ ተጫንኩ። ከሃያው ሰባት ጊዜ ፎልደሩ ተከፈተ። ማለትም አንዱን መጫን ማውሱ ሁለት ብሎ ቆጥሮታል። ቀጥሎ የሥዕል መሥሪያውን ፕሮግራም ከፍቼ፣ ቁልፉን ተጭኜ ይዤ ረጅም መስመር ለማስመር ሞከርኩ። መስመሩ መሃል ላይ ተቆራረጠ።

በኋላ የሰፈራችን የኮምፒዩተር ጠጋኝ ምክንያቱን አስረዳኝ። ከማውሱ ቁልፍ ሥር እንደ ምላስ ያለች ስስ የብረት ቅጠል አለች። ስትጫን ትነካለች፣ ስትለቅ ትመለሳለች። ሥራዋ ያልጠራ ወይም ያረጀች ከሆነች አንዴ ስትነካ ትንቀጠቀጥና ኮምፒዩተሩ ሁለቴ እንደተጫነ ይቆጥረዋል። ልጅቷ ሁለት ጥያቄ የሚያልፋት በዚህ ነው። ግራኝነቷ ምንም አላጠፋም።

ፍርድ እንዳላጓድል ግን ሁሉንም ጥፋት ማውሱ ላይ አልጫንም። አንደኛው ጥፋት የኔ የመስታወት ጠረጴዛ ነበር። የዛሬ ማውስ ከሥሩ ብርሃን አለው፤ በዚያ ብርሃን የተቀመጠበትን ገጽ በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ፎቶ እያነሳ ያነጻጽርና ወዴት እንደሄደ ያውቃል። ጥርት ያለ መስታወት ላይ ግን የሚይዘው ምልክት አያገኝም፤ ቀስቷ የምትዘለው ለዚያ ነው። ከሥሩ አንድ ደብተር ሳደርግለት መዝለሏን ተወች። ሁለተኛው ጥፋት የሶፋው ዝቅታ ነበር። ልጅቷ ትከሻዋን ወደ ላይ ሰቅላ፣ የእጇን አንጓ አጥፋ ነበር የምትሠራው። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ማታ ስትመጣ ምርመራውን በፊቷ ደገምኩት። ፎልደሩ ብቻውን ሲከፈት አይታ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሴን ስሰድብ ነበር እኮ» አለችኝ።

ሁለተኛው ግዢ

ቅዳሜ ዕለት ሁለታችንም ሄድን። ያለ እጁ ባለቤት ማውስ መግዛት ያለ እግሩ ባለቤት ጫማ እንደ መግዛት መሆኑን ተምሬአለሁ። ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው፤ «ማዘር፣ ለተማሪ ከሆነ ይሄን ውሰጂላት» ብሎ ቀይና አረንጓዴ መብራት የሚያበራ፣ ጎኑ ላይ ብዙ ቁልፍ ያለው አወጣልን። ዋጋው የመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የዲፒአይ ቁጥር ተጽፎበታል። ልጅቷ በግራ እጇ ስትይዘው አውራ ጣቷ ማረፊያ አጣ። የተቀረጸው ለቀኝ እጅ ብቻ ነበርና። ውድ ነው፣ ምናልባትም ጥሩ ነው፤ ለእሷ ግን አይሆንም።

ስለ ዲፒአይ እዚህ ላይ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ወላጅ በዚህ ቁጥር ይታለላልና። ማውሱ አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.54 ሴንቲ ሜትር ሲንቀሳቀስ ስንት ነጥብ እንደሚቆጥር የሚያሳይ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ቀስቷ ትፈጥናለች። ለጽሑፍ፣ ለጥናትና ለቢሮ ሥራ ከ800 እስከ 1600 ያለው ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ለጨዋታ ወዳጆች ይጠቅም ይሆናል። ለጀማሪ ልጅና እጁ ለሚንቀጠቀጥ አዛውንት ግን መፍጠኑ ችግር ነው እንጂ ጥቅም የለውም።

እኛ የፈለግነው ግራና ቀኙ እኩል የሆነ፣ ጌጥ የሌለው፣ ባለ ኬብል ማውስ ነበር። ሻጩ ኮምፒዩተሩ ላይ እንድንሞክረው ፈቀደልን። የሞከርነውን በተራ ልንገራችሁ፤ ለልጃችሁም ሆነ ለራሳችሁ ስትገዙ ይጠቅማችኋል።

በመጀመሪያ አያያዝ ነው። መዳፍን ማውሱ ላይ ስታሳርፉ ሁለቱ ጣቶች ያለ መንጠራራትና ያለ መታጠፍ ቁልፎቹ ላይ መድረስ አለባቸው። በጣም ያነሰ ማውስ ጣትን ያኮማትራል፤ በጣም የተለቀ ደግሞ እጅን ይበረግዳል። የትንሽ ልጅና የትልቅ ሰው እጅ በአንድ ማውስ አይገለገልም።

ሁለተኛ፣ ቁልፉን አንድ አንዴ እየተጫናችሁ ሃያ ጊዜ ሞክሩ። ጠንከር ብሎ ጣት የሚያደክም ወይም እኔ እንደገጠመኝ አንዱን ሁለት የሚያደርግ ከሆነ መልሱት። አንድ ፋይል ይዛችሁ ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ጎትቱ፤ መንገድ ላይ ከጣለው ቁልፉ ደካማ ነው።

ሦስተኛ፣ መሃል ላይ ያለችውን መሽከርከሪያ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ታች አዙሩ። ገጹ አንዴ ወደ ላይ ከዘለለ መሽከርከሪያዋ ጥሩ አይደለችም።

አራተኛ፣ ኬብሉ ከማውሱ የሚወጣበትን አንገት ቀስ አድርጋችሁ ወዲያ ወዲህ አጥፉት። ቀስቷ ቀጥ ካለች ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ አለ። የአብዛኛው ማውስ በሽታ እዚያ አንገት ላይ ይጀምራል። ኬብሉን ማውሱ ላይ አጥብቆ መጠቅለልም ያን አንገት ይሰብራል።

አምስተኛ፣ ገልብጣችሁ ከሥሩ እዩት። የሚንሸራተትባቸው ለስላሳ ንጣፎች በደንብ የተለጠፉ መሆን አለባቸው። ገመድ አልባ ከሆነ ማጥፊያ አለው ወይ? ኮምፒዩተሩ ላይ የምትሰካው ትንሿ ዩኤስቢ መቀመጫ ቦታ አላት ወይ? እሷ ከጠፋች ብዙውን ጊዜ ማውሱም አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች ካሉ ደግሞ የባትሪው መክደኛ በቀላሉ የማይከፈት ይሁን። ማውሱ ለረጅም ጊዜ የማይሠራበት ከሆነ ባትሪውን አውጡት፤ ውሃው ፈስሶ ውስጡን ይበላዋል።

በመጨረሻ ደረሰኝ ያዙ፣ ካልሠራ ስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀይሩላችሁም ጠይቁ። የመጀመሪያውን ስገዛ ይህን ባለመጠየቄ ብሬ ቀለጠ።

የገዛነው ከርካሹ ጥቂት የሚበልጥ፣ ከውዱ ግን በብዙ የሚያንስ ነበር። ዋጋ ብቻውን ጥራትን አይናገርም። ርካሹም አታሎኛል፤ ውዱም ለልጄ አይሆንም ነበር።

መንገድ ላይ ልጅቷ ይህን ነገር ማን እንደፈጠረው ጠየቀችኝ። ቤት ስንደርስ ራሷ ፈልጋ አነበበችልኝ። ዳግላስ ኤንግልባርት የተባሉ አሜሪካዊ ኢንጂነር ሐሳቡን አፍልቀው፣ ቢል ኢንግሊሽ የተባሉት ባልደረባቸው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 የመጀመሪያውን ሠሩት። አካሉ እንጨት ነበር፤ ከሥሩ ሁለት መንኮራኩሮች ነበሩት። በታኅሣሥ 9 ቀን 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለሕዝብ አሳዩት። «የእንጨት ማውስ! እንግዲህ ያም ሠርቷል» አለች። እውነቷን ነው፤ ዋናው ነገር እጅ ያሰበውን ማድረስ መቻሉ ነው።

ስለ እጅ ጤና

ነርስ ነኝና ይህን ሳልናገር ባልፍ ህሊናዬ ይወቅሰኛል። ጤና ጣቢያ መዝገብ ሳስገባ በነበረበት ጊዜ ሌሊት ሌሊት እጄ እየደነዘዘ ይቀሰቅሰኝ ነበር። እጅ አንጓ ላይ በጠባብ መሿለኪያ የሚያልፍ አንድ ነርቭ አለ። አውራ ጣትን፣ ሌባ ጣትን፣ መሃል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ የሚያገለግለው እሱ ነው። አንጓው ሲያብጥ ወይም ለብዙ ጊዜ ሲታጠፍ ነርቩ ይጨመቃል። ሕመሙ በሴቶች፣ በነፍሰ ጡሮች፣ የስኳር ሕመም፣ የእንቅርት ዕጢ ችግርና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ስለዚህ ማውሱን ብቻ ወንጀለኛ ማድረግ ልክ አይደለም። አያያዝ ግን ያባብሳል ወይም ያቃልላል።

እኔን የረዳኝ ይህ ነው። ማውሱን ኪቦርዱ አጠገብ አስጠጋሁት እንጂ እጄን አልዘረጋሁም። ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አሳርፌ፣ ክርኔን ወደ ዘጠና ዲግሪ አድርጌ፣ አንጓዬን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። ማውሱን እንደ ዶሮ አንገት አንቄ መያዝ ተውኩ፤ እጄን ከላዩ ላይ ማሳረፍ ይበቃል። በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቼ እጄን አፍታታለሁ። ከመዳፍ ሥር የሚደረገው ለስላሳ ትራስ ለማረፊያ እንጂ እየሠሩ አንጓን ለመጫን አይደለም፤ ያን መሿለኪያ ራሱን ይጫነዋልና።

ጣቶቻችሁ ሌሊት እየደነዘዙ የሚቀሰቅሷችሁ፣ ስኒ ከእጃችሁ የሚወድቅ ወይም የአውራ ጣታችሁ ሥር ያለው ሥጋ እየከሳ የመጣ ከሆነ ግን ማሸት አይበቃም። ጤና ተቋም ሂዱ፣ ስኳራችሁንም አስለኩ። ነርቭ ሲጨመቅ ከቆየ ወደ ነበረበት ላይመለስ ይችላል።

ማውሱንም አጽዱት። ብዙ እጅ የሚነካው ዕቃ ነው። ከኮምፒዩተሩ ነቅላችሁ 70 በመቶ አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉት፤ አልኮል አታፍሱበት።

ለእኛ ለአዛውንቶቹ

ልጆቻችን በውጭ አገር ስላሉ እኛም ኮምፒዩተር ፊት መቀመጣችን አልቀረም። ብዙ የዕድሜ እኩዮቼ «ሁለቴ መጫኑ አልሆነልኝም» ብለው ይተዉታል። መተው አያስፈልግም። በኮምፒዩተሩ የማውስ ማስተካከያ ውስጥ የሁለቴ መጫኛውን ፍጥነት መቀነስ፣ ቀስቷን ማተለቅና ሩጫዋን ማዘግየት ይቻላል። ግራኝ ለሆነም የቀኝና የግራ ቁልፎቹን ሥራ ማለዋወጥ ይቻላል። ልጆቻችሁን «ይህን አስተካክሉልኝ» በሏቸው፤ ደቂቃ አይፈጅባቸውም። አንድ ጎረቤቴ ይህ ከተስተካከለላቸው ወዲህ አሜሪካ ካለችው ልጃቸው ጋር ያለ ረዳት ይገናኛሉ።

የልጅ ልጄ እስከ ሰኔ ድረስ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ተለማመደች። በፈተናው ጣቢያ ማውስ መምረጥ ስለማይቻል በግራዋም በቀኟም እንድትሞክር አደረግሁ። በቀኟ ዘገም ትላለች፤ ግን ትሠራለች።

ከፈተናው ስትመለስ በሩ ላይ ጠብቄ እንዴት እንደነበረ ጠየቅኋት። ስለ ሒሳቡ አወራችኝ፣ ስለ እንግሊዝኛው አወራችኝ፣ አጠገቧ ስለተቀመጠችው ልጅ አወራችኝ። ስለ ማውሱ ግን አላነሳችም። ስጠይቃት ብቻ፣ «አዎ፣ የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ መሽከርከሪያው ወደ ላይ ይዘል ነበር። ከመጀመሬ በፊት ሞክሬው እጄን አወጣሁ፤ ቀየሩልኝ» አለችኝ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ።

ውጤቷ በመጣ ጊዜ ደስ ብሎናል። እኔን ይበልጥ ደስ ያለኝ ግን ያ እጇን ያወጣችበት ሰዓት ነው። የካቲት ላይ ብልሹ ዕቃ ይዛ ራሷን ትሰድብ የነበረች ልጅ፣ ሰኔ ላይ ከራሷ በፊት ዕቃውን መረመረች። ወላጆች፣ ልጃችሁ «አልችልም» ሲላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት የያዘውን ዕቃ፣ የተቀመጠበትን ወንበርና የሚሠራበትን ጠረጴዛ እዩለት። ያ አሮጌው ርካሽ ማውስ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አልጣልኩትም፤ ለታናናሾቿ ማስተማሪያ ይሆነኛል።